የእናታችንን የፓሪስ ዕረፍት በክፍለ ጊዜ ስለመደልደል

የቤተሰብ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ የወሩ ሁለተኛ እሑድ

ቦታ፦ የወላጆቻችን ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሳሎን፣ በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ

የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00 በሰብሳቢው ሰዓት። በግድግዳው ሰዓት 8፡07 ነበር፤ ሰብሳቢው ግን ለግድግዳው ሰዓት ዕውቅና አይሰጡም።

የተገኙ፦

1. አባታችን፣ በጡረታ ላይ ያሉ ምክትል ርዕሰ መምህር፦ ሰብሳቢ
2. ታላቅ ወንድሜ፣ የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ሠራተኛ፦ አባል
3. አጎታችን፣ የእናታችን ታናሽ ወንድም፣ ፋርማሲስት፦ አባል
4. እኔ፣ በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ እንደሚታየው እሑድም፦ አባልና ጸሐፊ
5. እናታችን፦ ተጓዥ፣ ያለ ድምፅ

ያልተገኘ፦ የለም።

ምልአተ ጉባኤ፦ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት አምስት ሰው ሲሆን፣ ጸሐፊዋ ቆጥራ አምስት መሆኑን አረጋግጣለች።

ይህ ቤተሰብ ነገሩን ሁሉ በቃለ ጉባኤ መወሰን የጀመረው ከስምንት ዓመት ወዲህ ነው። ያኔ ማቀዝቀዣችን ተበላሽቶ አባታችንና ወንድሜ ሳይነጋገሩ በአንድ ቀን ሁለት ማቀዝቀዣ አስገቡ። አንደኛው እስከ ዛሬ መኝታ ቤት ውስጥ የብርድ ልብስ ማስቀመጫ ሆኖ ይኖራል። ከዚያ በኋላ አባታችን ሦስት አንቀጽ ያለው ደንብ አወጡ። አንደኛ፣ አምስት ሰው ሳይሟላ ውሳኔ የለም። ሁለተኛ፣ ማንም በራሱ ጉዳይ ላይ ድምፅ አይሰጥም። ሦስተኛ፣ ተጠይቆ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል። ደንቡ እስካሁን አንድ ማቀዝቀዣ እንኳ አላስገባብንም።

የስብሰባው ምክንያት፦ ተጓዥ ሠላሳ ሦስት ዓመት ካገለገሉበት የሆስፒታል ላውንደሪ በጡረታ ሲሰናበቱ ባልደረቦቻቸው ለሁለት ሰው የሚሆን የአምስት ቀን የፓሪስ ጉዞ ሸልመዋቸዋል። በፖስታው ላይ በእጅ ጽሑፍ «ዘና ብለሽ ተመለሺ» ይላል። ኮሚቴው የተሰበሰበው ይህን ተግባራዊ ለማድረግ ነው።

ሰብሳቢው ከትምህርት ቤት ሲሰናበቱ ይዘውት የወጡትን የእጅ ደወል አንዴ ደውለው ስብሰባውን ከፈቱ። ወንድሜ አራት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ደወል ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀ። ሰብሳቢው አምስት ነን ሲሉ አርመውታል።

አጀንዳው ከመጽደቁ በፊት ተጓዥ እጃቸውን አወጡ። «እኔ አንዲት ነገር ብቻ ነበረችኝ» አሉ። በእጃቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ሰብሳቢው ጉዳዩ የተጓዥ የራሳቸው ስለሆነ በአንቀጽ ሁለት መሠረት በዋናዎቹ አጀንዳዎች ላይ ሊናገሩ እንደማይችሉ፣ ነገር ግን በአጀንዳ አምስት፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር፣ ሦስት ደቂቃ እንደሚሰጣቸው አስረዱ። ተጓዥ «እሺ፣ ይሁን» ብለው ወረቀቱን መልሰው ያዙ።

ተጓዥ በዚህ ሰዓት አዲሱን ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰው ነበር። ይህም አጎታችን ብርድ መከላከል አለመከላከሉን ሳላይ ስብሰባ አልጀምርም በማለታቸው ነው። ቦታቸው ከጸሐፊዋ ጀርባ፣ ከመጋረጃው አጠገብ ያለው ወንበር ነበር። ጠረጴዛው ላይ የፓሪስ ካርታ ተዘርግቶ ስለነበር ለእሳቸው ቦታ አልተረፈም።

አጀንዳ አንድ፦ «ዘና ያለ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስለመወሰን

ሰብሳቢው «ሰው የሚጨነቀው ቀጥሎ የሚመጣውን ባለማወቁ ነው። ስለዚህ ዘና ማለት ፕሮግራም ማወቅ ነው» አሉ። ወንድሜ ዘና ማለት ፌርማታ ላይ ቆሞ አለመጠበቅ ነው አለ። አጎታችን ሁለቱም ስለማያውቁት ነገር እንደሚያወሩ፣ ዘና ማለት የደም ግፊት አለመጨመር እንደሆነና በመሣሪያ እንደሚለካ ገለጹ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሦስቱም ትርጉሞች እንዲጸድቁ ተወሰነ። በመሆኑም ጉዞው ዘና ያለ የሚባለው በየደቂቃው ሲደለደል፣ መጠበቅ ሳይኖርበት ሲቀርና የተጓዥ ደም ግፊት ጠዋትና ማታ ተለክቶ ሲመዘገብ ነው።

ተጓዥ አስተያየት እንዳላቸው ሲጠየቁ «ደም ግፊት የለብኝም እኮ» አሉ። አጎታችን «እትዬ፣ ገና ነዋ» አሉ። አስተያየቱ ከአጀንዳው ውጭ በመሆኑ ታልፏል።

8፡25 ላይ አጎታችን ካፖርቱ በቂ መሆኑንና ሊወልቅ እንደሚችል ፈቀዱ። ተጓዥ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስበው ወደ ኩሽና ገቡ። ጸሐፊዋ ትንሽ ቆይታ ከትከሻዋ በላይ ስታይ በወንበሩ ላይ ሰማያዊውን ካፖርት ስላየች ተጓዥ ተመልሰው መቀመጣቸውን መዝግባለች።

አጀንዳ ሁለት፦ የየዕለቱ ድልድል

ሰብሳቢው በአሮጌ የክፍል ፕሮግራም ወረቀት ጀርባ ላይ በማስመሪያ የሠሩትን ሠንጠረዥ አቀረቡ። በቀን ሰባት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ አርባ ደቂቃ፣ በመካከሉ የአሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት። በአምስት ቀን ሠላሳ አምስት ክፍለ ጊዜ ይሆናል። መነሻው ከንጋቱ 11፡30 ነው። ጸሐፊዋ በዚያ ሰዓት የሚከፈት ነገር እንዳለ ጠይቃ፣ ሰብሳቢው «ሰልፍ አለ» ብለው መልሰዋል።

ወንድሜ ሠንጠረዡ ከቦታ ቦታ የሚወስደውን ጊዜ እንደማያካትት አስታወቀ። «አባዬ፣ ከትልቁ የብረት ማማ እስከ ሙዚየሙ በምን ልትደርስ ነው? ተማሪ እኮ አይደለችም፣ ከክፍል ክፍል የምትሮጠው» አለ። ከዚያም ስልኩን አውጥቶ ከተማዋን በስድስት መስመር የከፈለበትን የስምሪት ዕቅድ አሳየ። በዚህ ዕቅድ ተጓዥ በአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ አያልፉም፤ በእሱ አባባል ባዶ ጉዞ የለም። ወንዙን በአራት ድልድይ አራት ጊዜ ይሻገራሉ። አጎታችን ወንዙን ለምን አራት ጊዜ መሻገር እንደሚያስፈልግ ጠይቀው፣ ወንድሜ ድልድዮቹ ስላሉ ነው አለ።

በትልቁ ሙዚየም ላይ ሞቅ ያለ የሐሳብ ልውውጥ ተደርጓል። ሰብሳቢው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ መደቡለት። ወንድሜ ሰው ሁሉ የሚጋፋው በሥዕሉ ላይ ፈገግ ያለችውን ሴት ለማየት ስለሆነ እሷን በስድስት ደቂቃ አይቶ መውጣት ይቻላል አለ። ሰብሳቢው ስድስት ደቂቃ ንቀት ነው አሉ። አጎታችን ሴትየዋ ፈገግ ያለችው ተቀምጣ ስለሆነ ነው፣ እንደ እህቴ ብትቆም አትስቅም ነበር አሉ። ንግግሩ ጥሩ ንግግር ነበር፤ የውሳኔ ሐሳብ ስላልነበረ ግን ማንም አልደገፈውም።

ማማውን በተመለከተ ወንድሜ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ከሩቅ ቢታይ ይበቃል አለ። ሰብሳቢው «ከሩቅማ እዚሁ ሆኜ አይቼዋለሁ» አሉ። አጎታችን በደረጃ መውጣት ለጉልበት እንደማይመከር ቢያሳስቡም፣ ሰብሳቢው በአሳንሰር የወጣ ሰው ወጣ ሊባል አይችልም በሚለው አቋማቸው ጸኑ። በዚህ ጊዜ አጎታችን በጸሐፊዋ ሠርግ ላይ እንግዳ በደወል በሁለት ፈረቃ መብላቱን አነሱ። ሰብሳቢው ማንም ሳይበላ አልሄደም አሉ። አጎታችን እሳቸው ሁለተኛው ፈረቃ ላይ እንደነበሩና መረቁ ብቻ እንደደረሳቸው ለቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠየቁ። ተይዟል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ። የሰብሳቢው ሠንጠረዥና የወንድሜ ስምሪት ተዋህደው በአምስት ቀን አርባ አንድ ቦታ ይጎበኛል። ማማው በደረጃ ይወጣል፤ ሙዚየሙ ሃያ ሦስት ደቂቃ ያገኛል። በሦስተኛው ቀን፣ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ «ዘና ማለት» የሚል አርባ ደቂቃ ተመድቦ ነበር፤ ሆኖም ለአውቶቡስ መቀየሪያ ጊዜ ስላስፈለገ ወደ አሥራ አንድ ደቂቃ ዝቅ ብሏል።

ሰብሳቢው ተጓዥን ተቃውሞ እንዳላቸው ጠየቁ። ዝም አሉ። በአንቀጽ ሦስት መሠረት እንደተስማሙ ተመዝግቧል።

አጀንዳ ሦስት፦ ጤናና ጥንቃቄ

አጎታችን ይዘውት የመጡትን ቦርሳ በጠረጴዛው ላይ፣ በካርታው ላይ፣ ዘረገፉ። የጉልበት ማሰሪያ ሁለት፣ የሆድ መድኃኒት በሦስት ዓይነት፣ ፋሻ፣ መቀስ፣ የሙቀት መለኪያ፣ በተጨማሪም ጥቅሙን እሳቸው ራሳቸው ያላስታወሱት ጠርሙስ ነበር። ወንድሜ ይህ ሁሉ ዕቃ ለጉብኝት ነው ወይስ ለዘመቻ ሲል ጠየቀ። ሰብሳቢው ጥያቄውን ሳቅ ለመፍጠር የቀረበ ነው በማለት ሰርዘውታል። ሳቅ አልተፈጠረም።

አጎታችን በመቀጠል ዋና የውሳኔ ሐሳባቸውን አቀረቡ። በዚያ አገር መናፈሻ ውስጥ የብረት ወንበር እንዳለ፣ ብረት ብርድ እንደሚይዝና የተጓዥ ወገብ ይህን እንደማይችል ገለጹ። «ቆማ የኖረች ሰው በድንገት ቀዝቃዛ ብረት ላይ ብትቀመጥ ወገቧ ይያዝባታል» አሉ። ስለዚህ ተጓዥ በአምስቱም ቀን ከቤት ውጭ በማናቸውም የብረት ወንበር ላይ እንዳይቀመጡ እንዲከለከል ጠየቁ። ወንድሜ በስምሪቱ ውስጥ ለመቀመጥ የተያዘ ጊዜ ስለሌለ ክልከላው የሚነካው ነገር እንደሌለ ተናግሮ ደገፈ።

ጸሐፊዋ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልትል ፈልጋ ነበር። ምን እንደሆነ አሁን አታስታውስም። ምናልባት እናቷ ማታ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ እንደቆመች ጫማዋን በእግሯ ገፍታ የምታወልቀው፣ ጎንበስ ማለት አቅቷት መሆኑን ሊሆን ይችላል። ብቻ አላለችም፤ መጻፍ የለመደች ሰው ናት፣ ጻፈች።

ክልከላው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ተጓዥ ተቃውሞ እንዳላቸው ተጠየቁ። ዝም አሉ። እንደተስማሙ ተመዝግቧል።

አጀንዳ አራት፦ አብሮ ተጓዥ ስለመምረጥ

ትኬቱ የሁለት ሰው ስለሆነ ሰብሳቢው ራሳቸውን ጠቆሙ፤ ምክንያታቸው ባል መሆናቸውና ደወሉ ነው። ወንድሜ ስምሪቱን በቦታው ሆኖ የሚመራ ሰው ያስፈልጋል ብሎ ራሱን ጠቆመ። አጎታችን ግፊት ማን ሊለካ ነው ብለው ራሳቸውን ጠቆሙ። በዚህ ጊዜ አንቀጽ ሁለት ተነሣ። ሦስቱም በራሳቸው ጉዳይ ላይ ድምፅ መስጠት ስለማይችሉ በጉባኤው ውስጥ ድምፅ ያላት ጸሐፊዋ ብቻ ሆነች።

ሦስቱም ዘወር ብለው ጸሐፊዋን አዩ። ጸሐፊዋ «ለምን እሷን አንጠይቃትም?» አለች። ሰብሳቢው ተጓዥ ከጉዳዩ ጋር ከሁሉ የበለጠ የጥቅም ግንኙነት ስላላቸው ፈጽሞ እንደማይቻል አስረዱ። ጸሐፊዋ ከሦስቱ አንዱን መርጣ ከሁለቱ ጋር ከመኳረፍ ብላ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። አንድም ድምፅ ባለመገኘቱ ሰብሳቢው በዕድሜ ታላቅነት ተመርጠዋል። አጎታችን ቦርሳቸውን መልሰው ዘጉ፤ ወንድሜም ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠ።

ተጓዥ ተቃውሞ እንዳላቸው ተጠየቁ። ዝም አሉ። እንደተስማሙ ተመዝግቧል። ሰብሳቢው «አየህ፣ ስትስማማ» ብለው ለአጎታችን ተናገሩ።

አጀንዳ አምስት፦ ልዩ ልዩ

10፡05 ላይ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው «እሺ፣ አሁን ተጓዥ ይናገሩ። ሦስት ደቂቃ» አሉ። መልስ አልተገኘም። ደወሉን ደወሉ። መልስ አልተገኘም። «ሰዓትሽ እየሄደ ነው» አሉ።

ጸሐፊዋ ከስምንት ሰዓት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረች።

በወንበሩ ላይ የነበረው ካፖርቱ ነው። ሁለት ትከሻው በወንበሩ መደገፊያ ላይ በደንብ ተስተካክሎ፣ እጅጌዎቹ በጎን ወርደው ተሰቅሏል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ልብስ ያጠፈ ሰው የሰቀለው ስለሆነ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። በመቀመጫው ላይ አራት ቦታ የታጠፈው ወረቀት ነበር።

ኩሽና ታየ፤ ብርጭቆዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል። መኝታ ቤት ታየ። ወንድሜ ማቀዝቀዣውንም ከፍቶ አይቷል፤ ለምን እንዳየው ሲጠየቅ አላውቅም ብሏል።

ምልአተ ጉባኤን በተመለከተ ጥያቄ ተነሣ። ወንድሜ ከ8፡25 ጀምሮ የነበርነው አራት ስለሆንን የወሰንነው ሁሉ አይጸናም አለ። ሰብሳቢው ጉባኤው አምስት መሆኑ በጸሐፊዋ ተረጋግጦ ተመዝግቧል፣ የተመዘገበ ነገር ደግሞ ተመዝግቧል አሉ። አጎታችን ካፖርቱን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆይተው «ካፖርቱ ድምፅ የለውም። እሷም አልነበራትም። እኛ ዘንድ ልዩነቱ ምን ነበር?» አሉ።

ጥያቄው ለቃለ ጉባኤ ተይዟል።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን ፈታችው። የካላንደር ገጽ ነው፣ ዓመቱ ካለፈ አሥራ አንድ ዓመት የሆነው። ጠርዙ በእንፋሎት ተጨማዷል። ሥዕሉ ፓሪስ ውስጥ ያለ መናፈሻ ነው፤ ክብ ኩሬ፣ በኩሬው ዳር አንድ አረንጓዴ የብረት ወንበር፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ገጹን አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ምሳዋን ላደርስላት ላውንደሪው ስገባ ከመተኮሻው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አይቼዋለሁ። ያኔ ዓመቱ ያለፈበት ካላንደር ለምን አትጥሉትም ብዬ ነበር። እናቴ «ተዪው፣ እሱን እያየሁ ነው የምተኩሰው» አለችኝ፤ ወሬው በዚያው አለቀ።

ከዚህ በላይ «ጸሐፊዋ» እያልኩ መጻፍ አልቻልኩም። አምስት ብዬ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ዝም ማለቷን ሦስት ጊዜ መስማማት ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሥራዬ ሰው ያለውን መጻፍ ነው፤ እናቴ ምን እንዳለች ግን ዞሬ አላየሁም። አፍሬአለሁ፣ ይያዝልኝ።

ወንድሜ ከመስኮቱ ሆኖ «ይቻትና» አለ።

ከቤታችን ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ እሑድ አይከፍትም፤ ደንበኛ ተራ የሚጠብቅባቸው ሁለት የብረት ወንበሮች ግን በረንዳው ላይ በሰንሰለት ታስረው ያድራሉ። እናቴ አንደኛው ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስተካክላዋለች። እግሯን ዘርግታለች። መንገዱን ታያለች፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ምንም አልነበረም።

ጉባኤው በዚያው ቦታ ስለመቀጠሉ

ኮሚቴው 10፡20 ላይ በረንዳው ላይ ተሟልቶ ተገኘ። ቆጥሬአለሁ፣ አምስት፣ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ፊት እያየሁ።

አባቴ ከመቼ ጀምሮ እዚህ እንዳለች ጠየቃት። «ብርጭቆውን አጥቤ ነው የወረድኩት። እናንተ ሥራ ላይ ነበራችሁ፣ አላቋርጥም ብዬ ነው» አለች። አጎቴ ወንበሩ ብረት መሆኑን አስታወሳት። «አውቃለሁ። ይሞቃል፣ ፀሐይ ሲመታው ነው የዋለው» አለች። አጎቴ እጁን በሌላኛው ወንበር ላይ አሳርፎ አየ። ከዚያ በኋላ ስለ ወገብ አልተናገረም።

አባቴ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ አጀንዳ አምስት ገና ክፍት መሆኑን ነገራት። ሰዓት ግን አልጠቀሰም።

እናቴ ገጹን ከእጄ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። የተናገረችው እንዳለ ይኸው፦

«ይቺን ወንበር ቆሜ ነው ያየኋት። አንሶላ ስተኩስ፣ ጋውን ስተኩስ፣ አሥራ ሁለት ዓመት። ማንም አልተቀመጠባትም። እኔ ሄጄ እሷ ላይ መቀመጥ ነው የምፈልገው። በመጀመሪያው ቀን፣ በሁለተኛውም፣ እስከ አምስተኛው። ማማውን ሰው ይየው። እኔን ሰው ቁጭ ብዬ ይየኝ።»

ወንድሜ አርባ አንዱን ቦታ በስልኩ ላይ አንድ ጊዜ አየ። ስልኩንም ኪሱ ውስጥ ከተተ።

አባቴ ገጹን ወስዶ መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ወረቀት ያረመ ሰው ሥዕል ሲያይም ስህተት የሚፈልግ ይመስላል። በመጨረሻ «ወንበሩ አንድ ነው?» አላት። ይህን ሲል ድምፁ የምክትል ርዕሰ መምህር አልነበረም።

እናቴ ጎንበስ ብላ በጣቷ የገጹን ቀኝ ጠርዝ አሳየችው። እዚያ፣ ሥዕሉ የተቆረጠበት ላይ፣ የሌላ አረንጓዴ ወንበር መደገፊያ ክንድ ይታያል። «ይኸው። እኔ ድሮም አይቼዋለሁ። ግን ደወሉን ይዘህ አትመጣም» አለችው።

አባቴ ዝም አለ። በአንቀጽ ሦስት መሠረት እንደተስማማ ተመዝግቧል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ያለ ረጅም ውይይት የሚከተለው ተወስኗል።

ከአጀንዳ አንድ እስከ አራት የተወሰነው ሁሉ፣ የ«ዘና ያለ» ትርጉምን፣ ሠላሳ አምስቱን ክፍለ ጊዜ፣ ስድስቱን የስምሪት መስመር፣ አራቱን ድልድይ፣ የማማውን ደረጃና የብረት ወንበር ክልከላውን ጨምሮ፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። የአጎቴ ቦርሳ ይቀራል፤ የጉልበት ማሰሪያው ብቻ ይሄዳል፣ እሱም ለአባቴ ነው። አንቀጽ ሁለት ከደንቡ ወጥቷል፤ የወጣውም በአባቴ አቅራቢነትና በእናቴ ድምፅ ነው። እናቴ በዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ስትሰጥ እጇን ከፍ አላደረገችም፣ «ይውጣ» ብቻ አለች፤ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

አባቴ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኛ ሦስታችን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ደወሉ ፎቅ ላይ ቀርቷል።

አባቴ ጉባኤው 11፡15 ላይ ተበትኗል ተብሎ እንዲጻፍ ነገረኝ፤ ጽፌአለሁ። እናቴ ግን «እኔ ገና ነኝ» ስላለች ማንም አልተነሣም።